በአዳራሽ ውስጥ የሚበር ትንሽ አይሮፕላን
ለአባትና ለልጅ የሚሆን የክረምት ሥራ

ክረምት ሲገባ በየቤቱ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናሙ ሜዳውን ይይዘዋል፤ ልጆችም ቤት ውስጥ ሲውሉ እናት ከጩኸታቸው የተነሣ ትሰለቻለች፤ አባትም ከሥራው ሲመለስ የዕረፍት ሰዓት አያገኝም። ልጅን «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለእጁና ለልቡ ሥራ ሳይሰጡት ተቀመጥ ማለት ውሃን በወንፊት እንደ መያዝ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ገጻችን የምናቀርበው ዝናም የማይከለክለው፤ ወጪው ጥቂት የሆነ፤ አባትንና ልጅን በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው። እርሱም በላስቲክ ኃይል በቤት ውስጥ የሚበር ትንሽ አይሮፕላን መሥራት ነው።

ይህ አይሮፕላን የነዳጅ ሞተር የለውም፤ ባትሪ የለውም፤ ከምድር ሆኖ የሚያዘው መሪም የለውም። በሆዱ ሥር የተዘረጋው ላስቲክ ይጠመዘዛል፤ ላስቲኩም በሚፈታበት ጊዜ በአፍንጫው ላይ ያለውን ውልብልቢት፤ ፈረንጆች ፕሮፔለር የሚሉትን፤ ያዞረዋል፤ ውልብልቢቱም አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይስበዋል። አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በኋላ ማንም አይመራውም። መንገዱን ሁሉ የሠራው ሰው አስቀድሞ በገበታው ላይ ወስኖለታል። የሥራው ትምህርትም ችግሩም በዚህ ላይ ነው።

የነገሩ መነሻ

ይህን ሥራ የሕፃን ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አልፎንስ ፔኖ የሚባል ፈረንሳዊ በ1850 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩ፤ እርሱ ግን በዳሌ ሕመም ምክንያት የአባቱን ሥራ ሊከተል አልቻለም። ስለዚህ አሳቡን ወደ በረራ መለሰ። በ1870 የተጠመዘዘ ላስቲክ ለትንንሽ የሚበሩ ዕቃዎች ኃይል ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በሚከተለውም ዓመት ኦገስት 18 ቀን 1871 ክብደቱ 16 ግራም ብቻ የሆነ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን አይሮፕላን በፓሪስ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ በሊቃውንት ፊት ለቀቀ። አይሮፕላኑም 11 ሰከንድ ያህል በአየር ቆይቶ 40 ሜትር ያህል ሄደ። የሚያስደንቀው የርቀቱ ብዛት አልነበረም፤ የሰው እጅ ሳይነካው ሚዛኑን ራሱ እየጠበቀ መሄዱ ነበር። ምስጢሩ በጅራቱ ላይ ነበር። ፔኖ ጅራቱን ከክንፉ ይልቅ ጥቂት ወደ ታች ዘንበል አድርጎ ስለ ሠራው፤ አፍንጫው ሲወርድ ጅራቱ መልሶ ያቃናው፤ አፍንጫው ሲነሣም ጅራቱ መልሶ ያወርደው ነበር።

ፔኖ ከዚህ በኋላ ሰው የሚጭን ትልቅ አይሮፕላን በወረቀት ላይ ነድፎ በ1876 ከፖል ጎሾ ጋር ፓተንት አወጣ፤ ነገር ግን የሚያሠራው ባለ ገንዘብ አላገኘም። በ1880 ገና በ30 ዓመቱ አሳቡ ሳይፈጸምለት ሞተ።

እርሱ ቢሞትም መጫወቻው ባሕር ተሻግሮ ነበር። በ1878 በአሜሪካ አገር የነበሩት ጳጳስ ሚልተን ራይት ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለቱ ልጆቻቸው፤ ለ11 ዓመቱ ለዊልበርና ለ7 ዓመቱ ለኦርቪል፤ በፔኖ አሳብ የተሠራ፤ ከቡሽ፤ ከቀርከሃና ከወረቀት የተበጀ፤ በላስቲክ እየተሽከረከረ ወደ ላይ የሚወጣ መጫወቻ ይዘውላቸው ገቡ። ልጆቹም «የሌሊት ወፍ» ብለው ሰየሙት። መጫወቻው ቢሰበር ራሳቸው እያስመሰሉ ሌላ ሠሩ። ከዚያም ትልቅ ብናደርገው ይበልጥ ይበራል ብለው እያስበለጡ ቢሠሩት፤ በተለቀ ቁጥር መብረሩን እየተወ ሄደ። ምክንያቱን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ የሚበር ነገር ቁመቱና ወርዱ በሁለት እጥፍ ሲጨምር የሚፈልገው ኃይል በስምንት እጥፍ ይጨምራልና። መጫወቻው ወደ ቤት ከገባ ከ25 ዓመት በኋላ፤ ዲሴምበር 17 ቀን 1903፤ እነዚሁ ሁለት ወንድማማች ሰው የተቀመጠበትን በሞተር የሚሄድ አይሮፕላን በኪቲ ሆክ አበረሩ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ነበር፤ ከፔኖ መጫወቻ በአንድ ሰከንድ ብቻ ይበልጣል።

አባትየው ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ገብተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመናገር አይቻልም። ነገር ግን ወንድማማቾቹ በኋላ ስለ ሥራቸው ሲጽፉ ታሪካቸውን የጀመሩት ከዚያ መጫወቻ ነው።

ስለ ምን በቤት ውስጥ

ቀላል ነገር የንፋስ ባሪያ ነው። በሜዳ የሚበር አይሮፕላን ንፋሱን እንዲቋቋም ጠንካራና ከባድ መሆን አለበት፤ ንፋስ በሌለበት አዳራሽ ግን እስከሚቻለው ድረስ ሊቀል ይችላል። በቀለለም መጠን ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎም በሄደ መጠን ላስቲኩ ለብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች በዓለም ውድድር የሚያበሩት አይሮፕላን ያለ ላስቲኩ 1.4 ግራም፤ ላስቲኩም 0.4 ግራም ብቻ ይመዝናል። እንዲህ ያለው አይሮፕላን ሰው በቀስታ ከሚራመደው ሳይፈጥን እየዞረ ከ20 ደቂቃ በላይ በአየር ይቆያል። ስፍራውም ከፍ ያለ ጣራ ያለው መሆን ስላለበት፤ በሩማንያ በስላኒክ ፕራሆቫ የሚገኘው የጨው ማዕድን ዋሻና በእንግሊዝ አገር በካርዲንግተን ለአየር መርከብ የተሠራው ትልቅ አዳራሽ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። ለጀማሪ ግን የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል፤ መስኮቱና በሩ ይዘጋ እንጂ።

ከራሴ ስሕተት

አሠራሩን ከመናገሬ በፊት ሌላው አባት እንዳይደግመው የራሴን ስሕተት እነግራለሁ። ባለፈው ክረምት ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ይህን ሥራ ጀመርሁ። ልጄ እንጨቱን ሲቆርጥ እጁ እየተንቀጠቀጠ መስመሩን ሲስት ባይ ትዕግሥቴ አለቀና ምላጩን ከእጁ ወሰድሁ። ሦስት ማታ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ መብራት ያዥ ሆነ። እንዳይሰበር ብዬ እንጨቱን አወፈርሁ፤ መጋጠሚያውን ሁሉ በሙጫ ሞላሁ፤ ክንፉንም ቀለም ቀባሁት። ሲታይ ያማረ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ዘመድ በተሰበሰበበት ለቀቅሁት፤ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ በአፍንጫው ወደቀ። ሦስት ጊዜ ብለቀው ሦስት ጊዜ ወደቀ።

በመንገድ ላይ ልጄ ምንም አልተናገረም። ቤት ከገባን በኋላ ግን «አባባ፤ ባይቆጡኝ፤ የእርስዎ ከብዶ ነው እንጂ ክንፉስ ደኅና ነው» አለኝ። በሚዛን ባስቀምጠው 15 ግራም ሆነ። እኔ የሠራሁት እንደ ወንበርና እንደ ሣጥን አድርጌ ነበር። በማግሥቱ ምላጩን መለስሁለት፤ እኔም በተራዬ መብራት ያዥ ሆንሁ። እርሱ የሠራው ክንፉ ጥቂት የተጣመመ፤ ወረቀቱም የተሸበሸበ ነበር፤ ክብደቱ ግን ከ7 ግራም አላለፈም። የመጀመሪያው በረራ 14 ሰከንድ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 31 ሰከንድ ደረሰ።

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ብራና ሲፋቅ አይ ነበር። ፋቂው ቆዳውን በመወጠሪያው እንጨት ላይ ወጥሮ ጥቂት በጥቂት ያሳሳዋል፤ አብዝቶ ቢፍቅ ይቀደድበታል፤ ቢሰንፍም ወፍራም ሆኖ ይቀርበታል። ይህም ሥራ እንዲሁ ነው። ጥበቡ የሚቀነሰውን ማወቅ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለዚህ ሥራ ከእንጨት ሁሉ የሚመረጠው ባልሳ ነው። ባልሳ በይበልጥ ከኤኳዶር አገር የሚመጣ፤ ክብደቱ ከውሃ ስድስተኛ እጅ ያህል ብቻ የሆነ እንጨት ነው፤ ስሙም በእስፓኝ ቋንቋ ታንኳ ማለት ነው። ባልሳ ያላገኘ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የራይት ልጆች መጫወቻም በቀርከሃ የተሠራ ነበር። ቀርከሃ ከባልሳ ይልቅ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጠንካራ ስለ ሆነ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊሰነጠቅና ሊሳሳ ይችላል። ለግንዱም ብዕር የሚቀረጽበት መቃ ይሞከር፤ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ይቀላል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ስለታም ምላጭ፤ ማስመሪያ፤ እስፒል፤ ፒንሳ፤ ቀጭን ሽቦ፤ አንዲት ትንሽ ዶቃ፤ ብርጭቆ ወረቀት፤ የእንጨት ሙጫ፤ ጥቂት ሰም፤ ስጦታ የሚጠቀለልበት ዓይነት ስስ ወረቀትና ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ቢሆን ይሻላል። ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ እየቀጠሉ መጀመር ይቻላል፤ ኃይሉ ግን ደካማ ነው። ምላጩን ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አይያዙት።

ሚዛን የሌለው ሰው ይህን ይወቅ፤ ኤ4 የሚባለው አንድ ሉክ ተራ የጽሕፈት ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል። በትር በመካከሉ በክር ተንጠልጥሎ፤ በአንዱ ጫፍ ወረቀቱ በሌላው ጫፍ አይሮፕላኑ ቢሰቀል ሚዛን ይሆናል። የጀማሪ አይሮፕላን ከአንድ ሉክ ወረቀት ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከሁለት ሉክ ቢበልጥ ግን ሠሪው እንደ እኔ ሆኗልና እንደ ገና ይጀምር።

አሠራሩ

በመጀመሪያ የአይሮፕላኑ ሥዕል በእውነተኛ ልኩ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ ወረቀቱም በሰሌዳ ላይ ይዘረጋል። እንጨቶቹ በሥዕሉ ላይ ተጋድመው፤ በእስፒል ግራና ቀኝ ተደግፈው ይጣበቃሉ። እስፒሉ እንጨቱን እንዳይወጋው ይጠንቀቁ።

ግንዱ 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፤ 6 ሚሊ ሜትር ከፍታና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ክንፉ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ፤ አግዳሚው ጅራት 20 በ7 ሴንቲ ሜትር፤ ቋሚው ጅራት 7 በ6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የክንፉ ጠርዞች ከ2 ሚሊ ሜትር አይወፍሩ። በመካከላቸው የሚጋደሙት አምስት የጎድን አጥንቶች ጥቂት ወደ ላይ የጎበጡ ይሁኑ፤ ጉብጠቱ በመካከሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ክንፉ ሲደርቅ በመካከሉ ተሰንጥቆ ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው እንደ ገና ይጣበቃሉ። ይህ ከፍታ አይሮፕላኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል መልሶ ያቃናዋል።

ወረቀቱን ለማልበስ ሙጫው በውሃ ይቅጠንና በጠርዞቹ ላይ ብቻ በስሱ ይቀባ፤ ከዚያ ወረቀቱ በቀስታ ይጋደምበት። ትርፉ ከደረቀ በኋላ በምላጭ ይቆረጣል። የክንፉ የላይኛው ፊት ብቻ ቢለብስ ይበቃል። ወረቀቱን ለመወጠር ውሃ አይረጭ፤ ወረቀቱ ሲደርቅ ተኮማትሮ ቀጭኑን እንጨት ያጣምመዋልና።

ክንፉ ከግንዱ ጋር በሙጫ አይጣበቅ። ከአፍንጫው 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሆኖ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለመግፋት እንዲቻል በክር ብቻ ይታሰር። ከፊተኛው ጠርዝ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ስንጥር ይግባበት፤ አግዳሚው ጅራት ግን ከግንዱ ጋር እኩል ሆኖ ይጣበቅ። የፔኖ ምስጢር ይኸው ነው። የቋሚው ጅራት የኋላ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይዙር፤ አይሮፕላኑ ግድግዳ እንዳይመታ በአዳራሹ ውስጥ ወደ ግራ እየዞረ መሄድ አለበትና።

ውልብልቢቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ተገዝቶ የሚገኝ ቢሆን ድካም ይቀንሳል፤ ካልሆነ ሁለት ቅጠሎች ከወረቀት ብርጭቆ ጎን ጥቂት አግድም ተደርገው ይቆረጡና በአንዲት አጭር በትር ሁለት ጫፎች ላይ ይጣበቁ። ሁለቱም ቅጠሎች ለአንድ አቅጣጫ ያዘንብሉ፤ ያም ዝንባሌ በመካከላቸው 45 ዲግሪ ያህል ይሁን። ሲዞር ንፋሱ ወደ ጅራቱ መንፈሱን በእጅ መዳፍ ይመርምሩ። የውልብልቢቱ ሽቦ በአፍንጫው ላይ በታሰረች ቀዳዳ ያልፋል፤ በመካከሉ ዶቃዋ ብትገባ ሰበቃው ይቀንሳል። የኋላው የሽቦ ቁልምም ከአፍንጫው 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ በግንዱ ሥር ይታሰራል።

ላስቲኩን ስለ መጠምዘዝ

ላስቲኩ ሁለት ጫፉ ተቋጥሮ ቀለበት ይሆናል፤ ርዝመቱም ከሁለቱ ቁልምሞች ርቀት ጥቂት ይብለጥ። ከመጠምዘዙ በፊት በጉሎ ዘይት ወይም በግሊሰሪን በስሱ ይታሽ፤ የማሽን ዘይት ግን ላስቲክን ያበላሻልና አይነካው። በመጀመሪያው ቀን በጣት 100 ወይም 150 ዙር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ አፍንጫውን ይዞ፤ አባት የላስቲኩን የኋላ ጫፍ አውጥቶ አራት እጥፍ እስኪሆን ይሳበውና ይጠምዝዘው፤ ግማሹ ዙር ሲሞላ ቀስ በቀስ እየቀረበ ይጨርስ። በዚህ ዓይነት የተሳበ ላስቲክ ሳይሳብ ከተጠመዘዘው ይልቅ ብዙ ዙር ይችላል።

ስንት ዙር እንደሚችል ለማወቅ አንዱን ላስቲክ ሆን ብሎ እስኪበጠስ መጠምዘዝ ነው። 800 ላይ ከተበጠሰ ሌላው ከ650 እስከ 700 ድረስ ይጠመዘዝ። በዚህ ጊዜ ፊትን ማራቅና ዐይንን መጠበቅ ያስፈልጋል። ላስቲኩ ከፀሐይ ርቆ በጨለማ ስፍራ ይቀመጥ።

አወዳደቁን ማንበብ

አይሮፕላኑ ሲወድቅ አለመቆጣት ይገባል። በችሎት ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈረድ ሁሉ፤ በዚህ ሥራም አወዳደቁ ምስክር ነውና ቃሉ ይሰማ።

አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፤ ፍጥነቱን አጥቶ፤ ወርዶ እንደ ገና የሚነሣ ከሆነ ጅራቱ ከብዷል፤ ክንፉ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋ፤ ወይም አፍንጫው ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሰም ትለጠፍ። ወዲያው ወደ መሬት የሚጠልቅ ከሆነ ክንፉ ወደ ፊት ይገፋ። ወደ ግራ አብዝቶ እየዞረ የግራ ክንፉ የሚወድቅ ከሆነ የቋሚው ጅራት መዞር ይቀነስ፤ ወይም የግራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ጥቂት ወደ ታች ይታጠፍ። በደኅና እየሄደ ከፍ የማይል ከሆነ ዙሩ ይጨመር፤ ይህም ካልበቃ ወርዱ ሰፋ ያለ ላስቲክ ይደረግለት። ጣራ የሚመታ ከሆነ ቀጭንና ረዥም ላስቲክ ይደረግለት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁለት ነገር ለውጦ ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አይታወቅም። ስለዚህ መዝገብ ይያዝ፤ የዙሩ ቁጥር፤ የተለወጠው ነገር፤ በአየር የቆየበት ሰከንድ በየመስመሩ ይጻፍ። በቤታችን መዝገቡን የሚይዘው ልጄ ነው። በትምህርት ቤት ቁጥር ሲባል ፊቱን ያጠቁር የነበረ ልጅ፤ ዛሬ የአሥር በረራ ሰከንድ ደምሮ ለአሥር አካፍሎ «ከትናንቱ በ4 ሰከንድ ይበልጣል» ይለኛል።

ክቡራን ወላጆች፤ ይህ ሥራ ልጅን ሁሉ መሐንዲስ ያደርጋል አንልም። ነገር ግን የወደቀበትን ነገር አንሥቶ፤ ምክንያቱን መርምሮ፤ በመዝገብ ጽፎ እንደ ገና መሞከርን የተማረ ልጅ በማናቸውም ሥራ አያፍርም። አባትም ምላጩን ለልጁ ትቶ መብራት መያዝ ይማራል፤ ይህ ሁለተኛው ትምህርት ለእኔ ከፊተኛው ይልቅ ከብዶኝ ነበር። የእኔ ያማረው አይሮፕላን ዛሬ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የልጄ የተጣመመው ግን ስድስት ጊዜ ተጠግኖ አሁንም ይበራል።